የመምህር ጌታሁን ግድግዳ

ከጉድጓዱ ራስጌ ቄሱና ሁለት ዲያቆናት ቆመዋል። በግርጌ በኩል ተስፋዬ ጥቁር ኮት ለብሶ፣ በእጁ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ተስፋዬ የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ ነው፤ አሁን በአንድ ጭነት አስተላላፊ ቢሮ ሰነድ ይሠራል። ከእሱ በስተቀኝ የአርብ ተማሪዎች አሉ፤ ወንዶቹ ከፊት፣ ከየሰው ቤት ለአንድ ሰዓት አስፈቅደው የመጡት ሴቶች ከኋላ። የከባድ መኪና ሾፌሩ ደጀኔ ከሰው ተለይቶ አጥሩን ተደግፏል። የምንማርበትን ክፍል ያከራዩን ሶማሌው ሽማግሌ ከልጃቸው ከሆዳን ጋር ከበሩ ውጭ ጥላ ይዘዋል። እኔ ከሴቶቹም ኋላ ነበርኩ። እልፍነሽ አልመጣችም።

መምህር ጌታሁን የሞቱት ረቡዕ ጠዋት ነው። ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ጫማ ሊያጠልቁ ጎንበስ እንዳሉ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ቀሩ። የጅቡቲ የነሐሴ ሙቀት ሬሳ አያቆይም፤ በማግስቱ ቀበርናቸው።

ጸሎቱ ሲያልቅ ተስፋዬ ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበ። ስለ ትጋታቸው፣ ሰዓት ስለማክበራቸው፣ አንድም ቀን ክፍያ ስላለመጠየቃቸው ተናገረ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከዚያ ግን ወረቀቱን አጥፎ በቃሉ ቀጠለ። እኛን ሰው ያደረገን ያ ግድግዳ ነው አለ። እዚያ ግድግዳ ስር ያልቆመ ከመካከላችን የለም፤ የቆምን ሁሉ ደግሞ አልፈናል። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከሴቶቹም አንዳንዶቹ አለቀሱ።

እኔ አላለቀስኩም። የክፍሉን የስም መዝገብ አሥራ አንድ ዓመት ይዣለሁ። የቆመ ሁሉ አላለፈም። ያላለፉት ቀብሩ ላይ የሉም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ስለራሴ የምለው ብዙ የለኝም። ድሬዳዋ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ወደዚህ ከተማ መጣሁ። በፈረንሳዮች ቤት ምግብ አብሳይ ሆኜ ኖርኩ፤ ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ተውኩ። ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ያለችውን ክፍል በስሜ የተከራየሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ከአገር ቤት ኮሌጅ በርቀት የሚማሩ ልጆች በዝተው ነበር፤ የወደብ ሠራተኞች፣ ሾፌሮች፣ ሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች። መጽሐፉ በጭነት መኪና ይመጣላቸዋል፤ ፈተናውን በዓመት አንዴ ድሬዳዋ ሄደው ይፈተናሉ። ሌላውን ትምህርት እንደምንም ይወጡታል፤ ስታቲስቲክስ ላይ ይወድቃሉ። አንዱን መጽሐፍ ገልጬ አየሁት፤ እኔም የምረዳው አልነበረም። አንድ የመርከብ ወኪል ቢሮ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ ያጠኑ ሰው አሉ ሲሉኝ ካርቲየ 5 ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው። ሳያቅማሙ እሺ አሉ። በየአርቡ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ዕረፍት በሚሆንበት ቀን፣ በእግራቸው ይመጡ ነበር።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ክምሲን የሚሉት የበረሃ ንፋስ ነፍሶ አቧራው ዓይን በሚያሳጣበት ወር እንኳ ኮታቸውን አያወልቁም። ጠመኔ በወረቀት ጠቅልለው ይይዛሉ፤ ጥፍር እስኪያክል ድረስ ይጽፉበታል። ያለ ማስመሪያ የሚያሰምሩት መስመር አይዛነፍም። ከትምህርት በኋላ የሆስፒታል ወረቀት ወይም የፖሊስ መጥሪያ በፈረንሳይኛ የደረሰው ሁሉ ይከባቸዋል፤ ለአንዱም ዛሬ አይመቸኝም ሲሉ አልሰማሁም። ይህን የምጽፈው ክፉ ሰው እንዳልነበሩ እንዲታወቅ ነው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር።

ክፍላቸው ውስጥ የተሳሳተ ይቆማል። ከሰሌዳው በስተግራ ያለው ግድግዳ የእሱ ነው። ተማሪው ጀርባውን ለግድግዳው፣ ፊቱን ለጓደኞቹ ሰጥቶ ሁለቱን ሰዓት ይጨርሳል። በዓመታት ብዛት የሰው ትከሻ የሚደርስበት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ፣ ጥቁር መስመር ሆኖ ነበር። «እግር ሲደክም ጭንቅላት ይነቃል» ይላሉ። እሳቸውም አይቀመጡም ነበር፤ ለራሳቸው ያስቀረሁት ወንበር አሥራ አንድ ዓመት አዲስ እንደሆነ ኖረ። ተማሪዎቹ እሳቸው በሌሉበት «መምህር ቁም» ይሏቸዋል።

አባባሉ የራሳቸው አይደለም። ታሪኩን በየዓመቱ መጀመሪያ ይነግሩናል፤ በኩራት ነው የሚነግሩን። ከገጠር መጥተው ዩኒቨርሲቲ በገቡበት ዓመት፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ አንድ አስተማሪ ነበራቸው። ያረጀ ማስታወሻውን እያነበበ ያስገለብጣል እንጂ ጥያቄ አይወድም። አንድ ቀን ጌታሁን እጃቸውን አውጥተው ለምን እንዲህ ይሆናል ብለው ጠየቁ። አስተማሪው ማንበቡን ሳያቋርጥ ቁም አላቸው። በነጋታውም ቁም አላቸው። የትምህርት ጊዜው እስኪያልቅ በቁማቸው ገለበጡ፤ ከክፍሉም አንደኛ ወጡ።

«የዛሬው ማንነቴ የዚያ ግድግዳ ሥራ ነው» ብለው ይጨርሳሉ።

የጠየቁት ጥያቄ ምን እንደነበር በዚያ ታሪክ ውስጥ አንድም ጊዜ አልተናገሩም። እኔም ለመጠየቅ አላሰብኩም።

ማስተማር ያውቁ ነበር። አንድ አርብ ከብዙ ነገር መካከል ጥቂቱን መርጦ ስለመጠየቅ እያስተማሩ፣ ከአዲስ አበባ እስከዚህ ያለው መንገድ ደህና መሆኑን ለማወቅ ወደብ የገቡትን ሾፌሮች ብንጠይቅ ይበቃል ወይ አሉ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይበቃል አለ። ደጀኔ ከኋላ ሆኖ፣

«መምህር፣ የገባውማ ደህና ነው ይላል። የተገለበጠው እኮ ወደብ አልገባም» አለ።

መምህር ጌታሁን ጠመኔውን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ሳቁ። ከት ብለው ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና፣ መጽሐፉ በሦስት ገጽ ያስረዳውን ይህ ሾፌር በአንድ ቃል ጨረሰው አሉ። ከዚያ እንዳንዱ ጓደኛ ሆነው ሲጠይቁ፣ ሲመልሱ፣ ሲከራከሩ ዋሉ። ማንም አልቆመም። ያን ዕለት የተማርኩትን ዛሬም በደንብ አውቀዋለሁ። በሚቀጥለው አርብ ግን ግድግዳው ወደ ቦታው ተመለሰ። የሚያበሳጨኝ ይህ ነው። ባይችሉ ኖሮ አልፈርድባቸውም። ተስፋዬም ያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ ነበር፤ ቀብሩ ላይ ደግሞ ወደብ የገቡትን ሾፌሮች ቆጥሮ መንገዱ ደህና ነው አለን።

እልፍነሽ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ኤሮን ሰፈር፣ አንድ የጅቡቲ ቤተሰብ ጋር እዚያው እያደረች ትሠራለች። ዝምተኛ ናት፤ ስትጽፍ ፊደሎቿ ትናንሽ ናቸው። ሒሳብ አያያዝ በርቀት ተምራ ሁሉንም አልፋ ስታቲስቲክስ ብቻ ቀርቷት ነበር። ዲፕሎማውን ካመጣች አንድ ጭነት አስተላላፊ ቢሮ ሊቀጥራት ቃል ገብቶላታል። «እትዬ፣ ከሰው ቤት የምወጣበት በር ይቺ አንዷ ትምህርት ናት» ብላኛለች። ለፈተና ለመቀመጥ ደግሞ ትምህርቱን እዚህ ተከታትላለች የሚል የተፈረመ ቅጽ ያስፈልጋታል።

አንድ አርብ መምህር ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚለካበትን ቀመር ጻፉ። አምስት ቁጥር አለን፤ እያንዳንዱ ከአማካዩ የራቀበትን አውጥተን፣ በራሱ አባዝተን፣ ደምረን፣ ለአራት እናካፍላለን። እልፍነሽ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ የያዝነው አምስት ነው። ለምንድን ነው ለአራት የምናካፍለው? አንዱን የት አደረስነው?»

«ጉምሩክ ይዞት ነው» አለ ደጀኔ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መምህር አልሳቁም። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ያን ጊዜ ቁጣ መሰለኝ።

«ቁሚ» አሏት። መልሱን ራሷ ፈልጋ እስክታመጣ ድረስ በየአርቡ እንደምትቆምም ነገሯት።

ለደጀኔም ደርሶት አብሯት ቆመ። እየሄደም፣ ስድስት ቀን ተቀምጬ ነው የመጣሁት፣ ወገቤ ይፍታታልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ መምህር አለ። አሁንም ተሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ነው ነገሩ የገባኝ። ደጀኔ ስድስት ቀን ተቀምጦ ነው የሚመጣው። እልፍነሽ ስድስት ቀን ቆማ ነው የምትመጣው፤ ምድጃ ላይ፣ ልብስ ማጠቢያው ላይ፣ የማዳም እንግዶች እስኪሄዱ በር ላይ። ሰባተኛዋን ቀን ለትምህርት ብላ ሰጠች፤ እሷንም አቆሟት። ለሁለቱም የተሰጠው ቅጣት አንድ ነበር። አማካይ ያስተማሩን ሰው ይህን አላዩም።

በሦስተኛው አርብ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ እግሯን ከነጠላ ጫማው ስታወጣ አየሁ። ወንበር ይዤ ሄድኩ። መምህር ከሰሌዳው ሳይዞሩ፣

«ወይዘሮ አስካለ፣ ወንበሩን ይመልሱ» አሉኝ።

መለስኩ። ስልሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ በስሜ በተከራየሁት ክፍል ውስጥ፣ ወንበሩን መለስኩ።

በስድስተኛው አርብ እልፍነሽ ሳትጠራ ግድግዳው ጋ ሄደች፤ ጀርባዋን ግን አላስደገፈችም። መልሱን አግኝቻለሁ አለች። ወሩ ረመዳን ነበር፤ በምሳሌ ተናገረች። ማታ ማታ ለአምስት ሰው ሃያ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ፤ አማካዩ አራት ነው፤ ሳህኑ ሁልጊዜ ባዶ ሆኖ ይመለስልኛል። አራቱ ስንት ስንት እንደበሉ ከነገሩኝ አምስተኛውን መጠየቅ አያስፈልገኝም፤ የተረፈውን ነው የበላው።

«አራቱ እንዳሻቸው ይበላሉ። አምስተኛው ግን እንዳሻው አይደለም፤ አማካዩ አስቀድሞ ይዞታል። አዲስ ነገር የሚነግሩኝ አራቱ ናቸው፤ ለዚህ ነው ለአራት የምናካፍለው» አለች።

ደጀኔ እንኳ አልቀለደም። ነገሩ ለእኔ እንደ መስኮት ተከፈተልኝ። መምህር ጌታሁን መጽሐፉን አነሱና ገጾቹን አገላበጡ፤ ብዙ አገላበጡ።

«ይህ የትኛው ገጽ ላይ ነው?»

«ገጽ ላይ የለም መምህር። እየሠራሁ ሳስበው ነው የመጣልኝ።»

«እንግዲያው ቁሚ።»

እልፍነሽ ጥቂት አየቻቸው። ከዚያ ደብተሯን ከወንበሯ አነሳች፤ በእኔ በኩል ስታልፍ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ተሰናበተችኝና ሄደች። በሚቀጥለው አርብ ከስሟ ትይዩ ቀሪ ብዬ ጻፍኩ። በቀጣዩም ጻፍኩ።

ሳምንቱ ሳያልቅ መምህር ቤት ሄድኩ። አንዲት ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ በመስመር የተደረደሩ መጻሕፍት። የፈተናው ጊዜ ደርሷልና የልጅቷን ቅጽ ይፈርሙ አልኳቸው። ትምጣ፣ ይቅርታ ትጠይቅ፣ የቀራትን ትቁም፣ ከዚያ እፈርማለሁ አሉ።

«መልሷ ስህተት ነበር?» አልኳቸው።

ክራቫታቸውን በሁለት ጣታቸው ያላላሉ፣ መልሰው ያጠብቃሉ።

«አላውቅም» አሉ በመጨረሻ።

«አላውቅም ማለት?»

«ልክ ትሁን ትሳሳት የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። እኔ የቆምኩበት ጥያቄ ይኸው ነው፣ ወይዘሮ አስካለ። ለምን አንድ እንደሚቀነስ ማንም አልነገረኝም። ከዚያ ወዲህ ደግሜ አልጠየቅሁም።»

«ታዲያ እሷን ለምን አልጠየቋትም?»

«ማንን?» አሉኝ። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ።

ሃምሳ ዓመት። አንድ ሰው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ያፈረበትን ጥያቄ ሃምሳ ዓመት ሳይነካው ኖረ፤ መልሱ ከቤቱ ድረስ ሲመጣለትም አቆመው። ተነስቼ ወጣሁ እንጂ ይህን አላልኳቸውም። ያዘንኩላቸው ጊዜም ነበር። ሐዘኔ ግን ለእልፍነሽ ምንም አልጠቀማትም።

የአከራዬ ልጅ ሆዳን እዚሁ ሊሴ በሚሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። የሳምቡሳውን ነገር በሶማሊኛና በፈረንሳይኛ ቀላቅዬ ነገርኳት። «ኤዶ፣ ልክ ናት» አለችኝ። ኤዶ አክስቴ ማለት ነው። በእኛም መጽሐፍ የሚባለው ይኸው ነው፤ ሳምቡሳው ግን ይሻላል፣ ነገ ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ አለች። አንቺን ማን አስተማረሽ አልኳት። አንዲት መምህርት ነበረችን፣ ስትሳሳት ራሷ ትስቅ ነበር፣ ስለዚህ መሳሳት አንፈራም ነበር አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ብዙ አስቤዋለሁ። ሆዳንም መምህር ጌታሁንም የተደረገላቸውን ነው ያደረጉት።

ፈተናው አለፈ። የሚቀጥለው ዓመትም አለፈ። እልፍነሽን አንዳንዴ ገበያ አገኛታለሁ፤ ጤናዬን ትጠይቀኛለች፣ ሸክሜን ታግዘኛለች፤ ስለ ትምህርት አታነሳም። ዘንድሮ ካልተፈተነች ያለፈቻቸው ሁሉ እንደሚሰረዙ ከሌላ ተማሪ ነው የሰማሁት። ከቀብሩ መልስ አዲስ ቅጽ አወጣሁና በእጄ ሞላሁላት።

በተቀበሩ በማግስቱ፣ አርብ ጠዋት፣ ክፍሉን ከፈትኩ። ተስፋዬ ቦታቸውን ሊይዝ ተስማምቷል። በዚያ ሙቀት የቀብሩን ጥቁር ኮት ለብሶ መጣ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከካርቲየ 6 የመጣች አንዲት አዲስ ልጅ አማካይ ማውጣት ተሳናትና ወደ ግድግዳው ላካት። ስለ እግርና ስለ ጭንቅላት የሚባለውንም አለ፤ በመምህር ድምፅ ነበር ያለው።

ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። አነበበው።

«እትዬ፣ ጋሼ ጌታሁን ያልፈረሙላትን እኔ እንዴት እፈርማለሁ? ትምጣና እንደማንኛችንም ትቁም።»

«ለምን አንድ እንደሚቀነስ ታውቃለህ?»

«መጽሐፉ ቀንሱ ነው የሚለው።»

«እሳቸውም አያውቁም ነበር። ራሳቸው ነግረውኛል።»

ከተማሪዎቹ መካከል አንድ ሰው ወንበሩን አንቋቋ። ተስፋዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ ሰውየው ትናንት ነው የተቀበሩት። ሙት ወቃሽ አይሁኑ።»

«በቁማቸው አልወቀስኳቸውም። የማዝነው በዚያ ነው።»

ከኋላ ደጀኔ፣ «ልጁ፣ ፈርምላትና እንገላገል» አለ። የሳቀ የለም። ተስፋዬ ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ከቅጹ ግርጌ የተጻፈው የአስተማሪው ወይም የክፍሉ ኃላፊ ፊርማ የሚል ነው። ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር የሚለው፤ አንብቤዋለሁ። ኪራዩ በስሜ ነው፣ መዝገቡ በእጄ ነው፣ የክፍሉ ማኅተምም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ፊርማ ስጠብቅ ኖርኩ። እስክሪብቶ ከተስፋዬ ፊት አንስቼ ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ማኅተሙን መታሁ።

ግድግዳው ስር ያለችውን ልጅ ተቀመጪ አልኳት። አየችኝ፤ ከዚያ ተስፋዬን አየችው። ቅጹን አጥፌ ያዝኩና ወደ ኤሮን፣ እልፍነሽ ጋ ለመሄድ ወጣሁ።